ልጄን ላርሳት ልሄድ ነበር፣ አውቶቡሱ ግን አስፈራኝ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣ የምፅፍልዎት ከደብረ ማርቆስ ነው፣ ትዕግስቴ ስላለቀ ነው። እነዚህ ሹፌሮች ምን ብንላቸው ነው የሚሰሙን? ባለፈው ለለቅሶ አዲስ አበባ ስሄድ ገና ሉማሜን ሳናልፍ ሽንቴ መጣ፣ ረዳቱን ወንድም አለም ትንሽ አቁሙልኝ ብለው ደጀን እንቆማለን አለኝ፣ ደጀን ሰው አውርዶ ወዲያው ተነሳ፣ ከዛማ የአባይ በረሃ ነው፣ ቁልቁለቱ ላይ ማን ይቆምልሻል። በየኩርባው ስንወዛወዝ፣ አቧራው ሲያስለኝ፣ በቃ አመለጠኝ። ጎሃ ፅዮን ላይ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ስወርድ ረዳቱ ወንበሩን አየና «ኧረ እማማ!» ብሎ ጮኸ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ገና 52 አመቴ ነው እኮ። ወንዶቹ እንደሆነ መኪናው ሲቆም ጎማ ስር ቆመው ይገላገላሉ፣ ሴቷስ የት ትሂድ? ምግብ ቤቱም ካልበላሽ ሽንት ቤቱን አይከፍትልሽም። ለዚህ ነገር እንዴት አንድ ህግ አይወጣም?

አሁን መንገድ ካለብኝ ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ የሚባል አልቀምስም፣ ጠዋት ቡና ብቻ ፉት ብዬ ሞዴስ ደራርቤ ነው የምወጣው። ቤትም ብሆን ሳስነጥስ፣ ጀሪካን ሳነሳ ጠብ ማለት ጀምሯል። ማታ ማታ ደግሞ ታች የሚከብደኝ ነገር አለ፣ ቁጢጥ ስል እንደመውጣት ይላል ስተኛ ይመለሳል፣ እሱ እንኳን ከመጨረሻ ልጄ ጀምሮ ያለ ነው፣ የእድሜ ነገር ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

ሹፌሩም ረዳቱም ቢቆጣ ችዬ እሄድ ነበር። ግን ሴት ልጄ አዲስ አበባ ነች፣ ጥቅምት ላይ ልትወልድ ነው፣ የመጀመሪያዋ ነው። እኔ ከብቱን የሚያይልኝ የለም፣ ጉልበቴን አሞኛል እያልኩ ስሸሻት ቆይቼ በቀደም «ደህና፣ አማቴ ታርሰኛለች» ብላ እያለቀሰች ስልኩን ዘጋችብኝ። እንዲሁ ዋሽቼ ልቅር ወይስ ልንገራት? እናት ለልጇ ሽንቴ ያመልጠኛል ብላ እንዴት ትናገራለች?

ከልጇ የተቀያየመች እናት፣ ደብረ ማርቆስ

*

እታለም፣ ረዳቱ ባለጌ ነው፣ እሱን ለጊዜው ተይው። እኔን ያስደነገጠኝ በአንድ መስመር ብቻ ያለፍሽው ነገር ነው። ታች የሚከብድሽ፣ ቁጢጥ ስትይ የሚወጣው፣ ስትተኚ የሚመለሰው እድሜ አይደለም! የማህፀን መውረድ ይመስላል፣ አይተው የሚያረጋግጡልሽ ደግሞ ሀኪሞች ናቸው። ማህፀንንና የሽንት ፊኛን ከስር ደግፎ የያዘው ጡንቻ በወሊድ ይላላል፣ ከዛ ላይ ጀሪካንና እንጨት ስንሸከም፣ ሆድ ድርቀት ሲያስምጠን ይብስበታል፣ ስለዚህ ነው ሳልና ማስነጠስ ሲመጣ የሚያመልጥሽ። በኛ አገር ሴቱ ወልዶ በሳምንቱ ውሃ ይቀዳል፣ ይሄን ችሎ ዝም ማለት ደግሞ ጨዋነት ተደርጎ ይቆጠራል፣ እኔ ይሄ ነገር ያንገበግበኛል።

ህክምና አለው እኮ። ቀላል ከሆነ የጡንቻ ስፖርት ብቻ ሊበቃ ይችላል፣ ከፍ ካለ ውስጥ ገብቶ ደግፎ የሚይዝ ቀለበት አለ፣ ከባሰም ኦፕራሲዮን አለ። እዛው ማርቆስ ሪፈራል ሆስፒታል አለላችሁ፣ የማህፀን ሀኪም ጋ ቅረቢና ለኔ የፃፍሽውን ሳታሳጥሪ ንገሪው፣ ሽንትሽንና ስኳርሽንም ይመርምሩሽ። ፊስቱላ ይሆን ብለሽ ከፈራሽ እሱ ቀንም ሌሊትም ሳያቋርጥ የሚፈስ ነው፣ ያንቺ እንደዛ አይመስልም፣ ለነገሩ ለእሱም ቢሆን ባህር ዳር ያለው የሀምሊን ፊስቱላ ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በነፃ ያክማል።

ውሃውን በተመለከተ ግን ልቆጣሽ ነው። ውሃ ስትተዪ ሽንትሽ ይወፍራል፣ የወፈረ ሽንት ፊኛን ያስቆጣዋል፣ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ያስቸኩልሻል፣ ለኢንፌክሽንም ያጋልጥሻል። በዛ ላይ ያልተውሽው ቡናውን ነው፣ እሱ ሽንት የሚያስመጣው! የመንገድ ለት ቡናውን ትተሽ ውሃውን ጠጪ፣ በአንዴ ሳይሆን በየመሀሉ ጉንጭ ጉንጭ እያደረግሽ። መናኸሪያ ከመግባትሽ በፊት ሽንት ቤት ሂጂ፣ ሲያልቅ ትንሽ ቆይተሽ ደግመሽ ሞክሪ፣ የቀረ አይጠፋም። ሞዴስ መደራረቡን ተዪው፣ እሱ ለወር አበባ ነው የተሰራው፣ ሽንት ቶሎ ሲመጣ አይችለውም፣ ፋርማሲ የአዋቂ ዳይፐር ጠይቂ። መቀየሪያ ቀሚስና ፌስታል በእጅ ቦርሳሽ ይሁን እንጂ ጣራ ላይ እንዳትጭኚው። ሂሳብ ሳትከፍዪ ረዳቱን ለብቻው ጠርተሽ ህመም አለብኝ፣ በረሃው ሳይጀምር ደጀን ላይ ሽንት ቤት ደርሼ እስክመለስ ትጠብቁኛላችሁ ወይ በዪው፣ እንቢ ካለ ሌላ መኪና ያዢ፣ ከተስማማም ከበሩ አጠገብ ተቀመጪ።

ስፖርቱ ይሄ ነው፣ ሽንትሽን ለማቋረጥ የምትጨምቂውን ጡንቻ ትጨብጪና እስከ አምስት ቆጥረሽ ትለቂዋለሽ፣ ያንኑ ያህል አርፈሽ ትደግሚዋለሽ፣ 10 ጊዜ ያህል፣ በቀን ሶስቴ፣ እንጀራ ስትጋግሪም ይሆናል፣ ማንም አያይሽም። እየሸናሽ ግን አታድርጊው። ለውጡ ሶስት ወር ያህል ሊፈጅ ይችላል፣ ስለዚህ ጥቅምትን ሳትጠብቂ ዛሬ ጀምሪ። ሳል ሲመጣብሽም ቀድመሽ ጨብጪ።

አሁን ወደ ልጅሽ። ንገሪያት! በኔ በኩል ይሄ ምርጫ የለውም። እኔ የማውቃቸው እናቶች ሁሉ ይሄንን ከሴት ልጆቻቸው ደብቀው ነው የኖሩት፣ ልጆቹም ወልደው ሲደርስባቸው ብቻቸውን የሆኑ እየመሰላቸው ተደበቁ። ያንቺ ልጅ ልትወልድ ነው፣ ይሄንን ከማንም በፊት ካንቺ መስማት አለባት። አሁን እሷ የምታስበው እናቴ ጠላችኝ ብላ ነው የኔ እናት፣ ከዚህ የሚከፋ ሀፍረት የለም። ዛሬ ማታ ደውይላትና ሽንት እያመለጠኝ መንገድ ፈርቼ ነው እንጂ አንቺን ጠልቼ አይደለም በያት፣ ታለቅሳለች፣ አንቺም ታለቅሻለሽ፣ ምንም አይደል። አማቷም ትምጣ፣ ለአራስ ሁለት ሰው አይበዛም። ለእርግዝና ክትትሏ ስትሄድም ስለዚሁ ስፖርት አዋላጇን ትጠይቃት፣ ከመውለዷ በፊት ነው የሚጀመረው።