ቫልቭ ይቀየር ወይስ ይቆይ? ለኮምቦልቻው ወንድማችን

አብሽር ወንድሜ። ጥያቄህን ለሌሎችም ግልጽ እንዲሆን ባጭሩ ልድገመው። እህትህ 26 ዓመቷ ነው፤ በሩማቲክ (ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ ልብን በሚያጠቃው በሽታ) ምክንያት ሚትራል ቫልቯ፣ ማለትም በግራው የልብ የላይኛውና የታችኛው ክፍል መካከል ያለው በር፣ ጠቧል፤ ሐኪሙ ይቀየር ብሏል። ላሲክስ ከጀመረች ወዲህ ትንፋሿ ስለተመለሰ ቤተሰቡ «ተሽሏት ሳለ ደረቷ ለምን ይከፈታል?» ይላል። እሷ ደግሞ መውለድ ትፈልጋለች።

ከላሲክሱ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚያ ላይ ነው። ላሲክስ ሳንባ ውስጥ የተጠራቀመውን ፈሳሽ በሽንት ያስወጣል እንጂ ቫልቭ አይከፍትም። የልብ ምት የሚያዘገዩት እነ አቴኖሎልም እንዲሁ ናቸው፤ ደሙ በጠባቡ በር ለማለፍ ጊዜ ያገኛል፣ በሩ ግን ያው ነው። ውስጥ ለውስጥ የሳንባው የደም ግፊት ይጨምራል፣ የግራው የልብ የላይኛው ክፍል ይለጠጣል፣ ምቱ ይዛባል፣ ደም ይረጋል። ያ የረጋ ደም ወደ ጭንቅላት ከሄደ ስትሮክ ነው፤ በሃያዎቹ ዕድሜም ይመጣል።

«ደህና ነኝ» ስትልህም ዝም ብለህ አትቀበላት። ሕመሙ ቀስ እያለ ስለሚመጣ ሰው ሳይታወቀው ሥራውን እየቀነሰ ይለምደዋል። በስንት ትራስ ነው የምትተኛው? ሌሊት አፍኗት ትነሣለች? ውኃ መቅዳቱን ለሌላ ሰው የተወችው ከመቼ ጀምሮ ነው? ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ምንም ያልመሰላት ደሴ ወጥታ አንድ ዳገት ስትሞክር ይለይለታል።

ቀጥሎ የኢኮውን (የልብ አልትራሳውንዱን) ወረቀት አውጣ። መጀመሪያ የቫልቩን ስፋት እይ፤ የጤነኛ ሰው ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፣ 1.5 እና ከዚያ በታች ከባድ ጥበት ይባላል፣ 1 እና ከዚያ በታች ደግሞ በጣም ከባድ። ከ1.5 በላይ ሆኖ ምልክት የሌለበት ሰው በክትትል ሊቆይ ይችላል። ከዚያ ቫልቩ ደም ወደ ኋላ ይመልስ እንደሆነና መጠኑን ተመልከት። የዊልኪንስ ነጥብም ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ የቫልቩ ክዳኖች እንቅስቃሴ፣ ውፍረት፣ የካልሲየሙ ክምችትና ከሥር ያሉት ጅማቶች እያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 4 ተሰጥቷቸው የሚደመር ነው። ድምሩ 8 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ ወደ ኋላ የሚመለሰው ደም ቀላል ከሆነና ልብ ውስጥ የረጋ ደም ከሌለ (ይህን በደንብ የሚያሳየው በጉሮሮ የሚገባው ኢኮ ነው) ቫልቩን በባሉን መክፈት ይቻላል። ስለዚህ ለሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄህ «ባሉን የማይሆንላት ለምንድን ነው?» ይሁን። በቂ ምክንያት ካለው ወረቀቱ ላይ ያሳይሃል።

ባሉን ማለት በብሽሽት የደም ሥር ቀጭን ቱቦ ገብቶ የጠበበው ቫልቭ ውስጥ ፊኛ ይነፋል ማለት ነው። ደረት አይከፈትም። ከዓመታት በኋላ መልሶ ሊጠብ ይችላል፤ መውለድ ለምትፈልግ ሴት ግን እነዚያ ዓመታት ብዙ ዋጋ አላቸው። ጥበቱ ሳይከፈት ግን አታርግዝ። በእርግዝና የደም መጠን ወደ 50 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ጠባቡ ቫልቭ አያሳልፈውም፤ ሳንባዋ በተለይ በመጨረሻዎቹ ወራት ወይም በምጥ ላይ በፈሳሽ ሊሞላ ይችላል። እስከዚያው ክንድ ላይ የሚቀበረው የወሊድ መከላከያ ይስማማታል፤ ኤስትሮጅን ያለበት ኪኒን ግን ደም ስለሚያረጋ አይሆንም።

ባሉን ካልሆነ፣ የመጠገን ዕድል መኖሩን ከቀዶ ሐኪሙ ጠይቁ። መቀየሩ ግድ ከሆነ ሁለት ዓይነት ቫልቭ አለ። የብረቱ አያረጅም፣ ነገር ግን ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኪኒን) ዕድሜ ልክ ነው። ከእንስሳ የሚሠራው ዋርፋሪን የሚፈልገው በአብዛኛው ለመጀመሪያዎቹ 3 እስከ 6 ወራት ነው፤ በትልልቅ ሰዎች 10 እና 15 ዓመት ሲቆይ በወጣት ላይ ቶሎ ያረጃል፤ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ይጠብቃታል ማለት ነው።

በእኔ እይታ ምርጫውን የሚወስነው የቫልቩ ጥራት ሳይሆን የአይ.ኤን.አር ምርመራው ነው፤ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ በቁጥር የሚያሳይ የደም ምርመራ ነው። ሚትራል ላይ የብረት ቫልቭ ያለው ሰው ቁጥሩ ከ2.5 እስከ 3.5 መሆን አለበት። ከዚያ ሲወርድ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል፤ በጣም ሲወጣ ሰውነት ይደማል። መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ከተረጋጋ በኋላ በየ4 ሳምንቱ መለካት አለበት። ስለዚህ አዲስ አበባ ከመሄዳችሁ በፊት ደሴና ኮምቦልቻ ያሉትን ላቦራቶሪዎች እየዞርክ አይ.ኤን.አር ይሠሩ እንደሆነ፣ ሪኤጀንት ሲያልቅ ለስንት ጊዜ እንደሚቋረጥ፣ ውጤቱን አይቶ መጠን የሚያስተካክልላት ሐኪም ማን እንደሆነ ጠይቅ። መልሱ የማያስተማምን ከሆነ የብረቱን ቫልቭ ደግማችሁ አስቡበት።

ዋርፋሪኑን በየቀኑ ማታ በተመሳሳይ ሰዓት መዋጥ ነው። ረስታ በዚያው ቀን ካስታወሰች ትውሰድ፤ በማግስቱ ካስታወሰች ግን እጥፍ አትውሰድ። መንገድ ሊዘጋ ስለሚችል የአንድ ወር መጠባበቂያ ቤት ይኑር። ጎመንና ቆስጣ ክልክል አይደሉም፤ ችግሩ መዋዠቁ ነው። ጾም ሲገባ ጎመን በየቀኑ ይሆንና አይ.ኤን.አር ይወርዳል፣ ሲፈታ ይወጣል፤ ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ መጠን ትብላ። ፍላጂልና ባክትሪም የሚባሉት አንቲባዮቲኮች አይ.ኤን.አሩን ከፍ ያደርጉታል። ለወገብም ለራስ ምታትም የሚሰጠው ዲክሎፌናክ አይነካ፤ ፓራሲታሞል ይሻላል። ፋርማሲ በገባች ቁጥር «ዋርፋሪን እወስዳለሁ» ትበል። «ምርመራ የማይጠይቅ አዲስ መድኃኒት አለ» ብሎ ሪቫሮክሳባን የሚመክራችሁ ካለ ለብረት ቫልቭ አይሆንም። ዱዓውም ጸሎቱም ይቀጥል፣ የሚጠጣ የባህል መድኃኒት ግን ከዋርፋሪን ጋር አይቀላቀል።

እርግዝናን በተመለከተ ዋርፋሪን በተለይ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ፅንሱን ሊያበላሽ ይችላል፤ በክትትል ወደ ሄፓሪን (እሱም ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው) መርፌ መቀየር ቢቻልም ያን ጊዜ ቫልቩ ላይ ደም የመርጋቱ አደጋ ይጨምራል። ለዚህ ነው ለእህትህ ባሉን ከተቻለ እሱን፣ ካልተቻለ ጥገናን፣ ከዚያ ዳግም ቀዶ ጥገና እንደሚመጣ አውቃችሁ የእንስሳውን፣ የብረቱን በመጨረሻ የማስቀምጠው። ልጅ መውለድ ለጨረሰች ሴት ቅደም ተከተሉ ሌላ ይሆን ነበር።

ሪፈሩን ግን አሁኑኑ አጽፉ። ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው የልብ ማዕከል ወረፋው ረጅም ነው፤ ስም ማስመዝገብ ደግሞ ለቀዶ ጥገና መስማማት አይደለም። እየጠበቃችሁ የተበላሸ ጥርስ ካላት ታስነቅል ወይም ታስሞላ፤ ከጥርስ የሚነሣ ባክቴሪያ አዲሱን ቫልቭ ያጠቃል። ከመነቀሉ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት የሚወሰድ አሞክሳሲሊን 2 ግራም ያስፈልጋት እንደሆነ ሐኪሟን ጠይቁ፤ ቫልቩ ከተቀየረ በኋላ ግን ያ የግድ ነው። ደም የሚሰጥ ዘመድም ከአሁኑ አዘጋጁ።

ደረቷ ከተከፈተ አጥንቱ እስኪገጥም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል፤ ጀሪካን ማንሣትም ልጅ ማዘልም የለም፤ ስታስል ትራስ ደረቷ ላይ አቅፋ ትያዝ። በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የምትወጋው ፔኒሲሊን ቫልቩ ከተቀየረ በኋላም አይቆምም፤ አዲስ የሩማቲክ ጥቃት ያልተነኩትን ቫልቮች ያበላሻልና።

የኢኮውን ወረቀት ስሟንና የካርድ ቁጥሯን ሸፍነህ ፎቶ አንሥተህ እዚሁ ሥር ለጥፈው፤ ቁጥሮቹን ካየሁ ለሐኪሙ የምታነሣቸውን ጥያቄዎች አብረን እንጽፋለን።