የቪታራ ፍሬን ሲደነድን፦ ሰርቮን ግቢ ውስጥ ስለመቀየር

አንድ የአዲስ አበባ አንባቢ እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «የ1997 እ.ኤ.አ. ሱዙኪ ቪታራ አለኝ፣ 1.6 ቤንዚን። ከጥቂት ወራት ወዲህ የፍሬኑ ፔዳል ደንድኗል። ለማቆም ባለ በሌለ ኃይሌ እረግጣለሁ። ስረግጥ ከእግሬ ሥር የአየር ድምፅ ይሰማል፣ ሞተሩም ቤንዚን ሳልሰጠው፣ ሚኒሞ ላይ፣ ይንቀጠቀጣል። ጋራዥ ሄጄ ሰርቮው ሞቷል አሉኝ። መሣሪያ አለኝ፤ የፍሬን ሸራ ራሴ ነው የምቀይረው። ግቢዬ ውስጥ ልቀይረው እችላለሁ? ያገለገለ ብገዛስ?»

ወንድሜ፣ ትችላለህ። ሰርቮ ማለት ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጠረው ኃይል የእግርህን ጉልበት አብዝቶ ወደ ፍሬኑ የሚያስተላልፈው ዕቃ ነው። ሥራው የሚከብደው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ዳሽቦርድ ሥር ተኝቶ አራት ዳዶ መፍታት ሲሆን ሁለተኛው የሚገባውን ሰርቮ ከማስተር ሲሊንደሩ (የፍሬን ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ ከሚገፋው ዕቃ) ጋር በልኩ ማገናኘት ነው። የመጀመሪያው ወገብ ያሳምማል እንጂ አደጋ የለውም። ሁለተኛው የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ እዚያ ስደርስ ረዘም አድርጌ እጽፍልሃለሁ።

እስከዚያው መኪናዋን አትንዳት። ሰርቮ ሲበላሽ ፍሬን ጨርሶ አይጠፋም። ፔዳሉ የፍሬን ዘይቱን እንደ ወትሮው ይገፋል፣ የጠፋው የእግርህን ጉልበት የሚያበዛው እገዛ ብቻ ነው። ብዙ ሰው «ይይዛል እኮ» እያለ ወራት የሚነዳው ለዚህ ነው። ሰፈር ውስጥ ቀስ ሲሉ ይይዛል። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወርድ ከፊትህ ያለው ሚኒባስ ድንገት ቢቆም ግን የአንድ ሰው እግር ላይበቃ ይችላል።

የዘረዘርካቸው ምልክቶች በእርግጥም ወደ ሰርቮው ያመለክታሉ። ውስጡን ዲያፍራም የሚባል አንድ የጎማ ግርዶሽ ለሁለት ክፍል ይከፍለዋል። እግርህ ከፔዳሉ ላይ በሌለበት ጊዜ ሞተሩ ከሁለቱም ክፍል አየር ይስባል። ስትረግጥ የኋላው ክፍል ቫልቭ ይከፈትና የውጭ አየር ይገባል፤ ያ አየር ዲያፍራሙን ወደፊት ይገፋል፣ ዲያፍራሙም የማስተር ሲሊንደሩን ፒስተን ይገፋል። ዲያፍራሙ ከተቀደደ የገባው አየር በቀዳዳው አልፎ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። የምትሰማው ድምፅ እሱ ነው፤ ሞተሩን የሚያንቀጠቅጠውም እሱ ነው፣ ምክንያቱም አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ ያንሳል። ፔዳሉን ስትረግጥ ለአፍታ የሚሰማ ቀጭን ድምፅ ግን ጤነኛ ሰርቮም ላይ አለ። እግርህን ይዘህ እያለህ ሳያቋርጥ የሚነፍስ ከሆነ ነው ችግር ያለው።

ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ራስህ ፈትነው፤ መሣሪያ አያስፈልግህም። ሞተሩን አጥፍተህ ፔዳሉን እስኪደነድን ደጋግመህ ርገጥ፣ ከዚያ እግርህን ሳታነሳ ሞተሩን አስነሳ። ሰርቮው ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ ሲነሳ ፔዳሉ ከእግርህ ሥር ትንሽ ዝቅ ይላል። ዝቅ ካላለ ወይ ቫኪዩም (ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጠረው ባዶነት) አልደረሰውም ወይ ሰርቮው ሞቷል። ቀጥለህ ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን ረግጠህ ያዝ፣ ሞተሩን አጥፋና ሳትለቅ 30 ሰከንድ ቆይ። በዚህ ጊዜ ፔዳሉ እግርህን ወደ ላይ ከገፋ ሰርቮው ቫኪዩም አይይዝም ማለት ነው። በተቃራኒው ቀስ እያለ ወደ ታች ከሰመጠ ዘይት ወደ ውጭ ይፈስ እንደሆነ እይ፤ ካልፈሰሰ ማስተር ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጎሚኒ (ዘይቱን የሚያግደው ጎማ) ዘይት እያሳለፈ ነው፣ ሰርቮ ብትቀይርም አይፈወስም።

ከዚያ ከሞተሩ ማኒፎልድ (አየር ማስገቢያ) ወደ ሰርቮው የሚሄደውን ወፍራም የጎማ ቱቦ አውልቅ። እጠፈው፣ ጫፎቹን እይ፣ የተሰነጠቀ ካለ አዲስ ግዛ። አንዳንድ ሰው የቤንዚን ወይም የውኃ ቱቦ ቆርጦ ይተካበታል። እንዲህ ያለ ቱቦ ሞተሩ ሲስበው ተጣብቆ ይዘጋል፣ ውጭውን አይተህም አታውቅበትም፤ ለፍሬን ቫኪዩም የተሠራውን ጠይቅ። በቱቦው ላይ ወይም ሰርቮው መግቢያ ላይ አየር በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ቫልቭ አለ። በሰርቮው በኩል ሆነህ ወደ ሞተሩ ስትነፋበት ማለፍ አለበት፤ በሞተሩ በኩል ስትነፋ መዝጋት አለበት። በሁለቱም በኩል ካሳለፈ ወይም በሁለቱም ከዘጋ ቀይረው። ዋጋው ከሰርቮው ጋር አይወዳደርም፣ በእሱ ምክንያት ደህና ሰርቮ ሲጣል ግን ደጋግሜ አይቻለሁ።

የቫኪዩም ጌጅ (መለኪያ) ካገኘህ ቱቦው ላይ ሰክተህ አንብብ፤ እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቅ። የውጭ መመሪያዎች ጤነኛ የቤንዚን ሞተር ሚኒሞ ላይ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል ይላሉ። ያ ቁጥር ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ያለችው 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየራችን የሚገፋው ወደብ ላይ ካለው አየር ሦስት አራተኛ ያህል ኃይል ነው፣ ንባቡም በየ300 ሜትሩ ወደ 1 ኢንች ይቀንሳል። ስለዚህ እዚህ ከ9 እስከ 13 ካነበብክና ቀስቱ ካልተወዛወዘ ሞተርህ ደህና ነው። ይህን ሳያውቁ «ቫኪዩሙ አነሰ» ብለው ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) የሚያስፈቱ አሉ። ከዚያ ብዙ ካነሰ ወይም ቀስቱ ከዘለለ የማኒፎልድ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ የታይሚንግ ቤልት አገጣጠምና ቫልቮችን አስመርምር። በነገራችን ላይ በዚሁ ከፍታ የተነሳ ሰርቮህ አዋሽ ላይ የሚሰጥህን እገዛ ያህል እዚህ አይሰጥህም፤ ትንሽ የደከመ ሰርቮ ደጋ ላይ ቶሎ የሚጋለጠው ለዚህ ነው።

ፈተናው ሁሉ ሰርቮውን ከወነጀለ ወደ ዕቃው እንሂድ። ያገለገለ ከሶማሌ ተራ መግዛት ይቻላል፣ ሳይፈትኑ መግዛት ግን አይቻልም። የቫኪዩም መግቢያውን ወደ ታች ዘቅዝቀው፤ የፍሬን ዘይት ጠብ ካለ ተወው። በመግቢያው በኩል ባትሪ አብርተህ እይ፣ ውስጡ የዛገውን አትውሰድ። ሻጩ ከፈቀደ በአንድ የሚሠራ የቤንዚን ሞተር ቫልቩን እንደያዘ ለአንድ ደቂቃ አስስበው፣ ቱቦውን ንቀልና አሥር ደቂቃ አቆየው። ከዚያ ቫልቩን ስትነቅል «ፍስስ» ብሎ አየር ከገባ ይይዛል፤ ዝም ካለ አይይዝም፣ መልስለት። ቫኪዩም እያለበት የፔዳሉን ዘንግ አትግፋ፣ ከፊት ያለችውንም አጭር ዘንግ በፍጹም አትጎትት። ከኋላዋ የተቀመጠች ክብ ጎማ አለች፤ ከቦታዋ ከወደቀች ፍሬንህ በትንሽ ንክኪ የሚቆልፍ ይሆናል። እኔን ካማከርከኝ ግን ለፍሬን ሲሆን አቅም ከፈቀደ አዲሱን እመርጣለሁ።

አሁን መፍታቱ። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁም፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ጎማዎቹን በታኮ አስደግፍ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል። ፔዳሉን ደጋግመህ ረግጠህ የቀረውን ቫኪዩም ጨርስ። የፍሬን ዘይት ቀለም ስለሚበላ ከሥሩ ጨርቅ አንጥፍ፤ ከፈሰሰ ወዲያው በውኃ እጠበው። ማስተር ሲሊንደሩን ከሰርቮው ጋር የያዙትን ሁለት ዳዶዎች ፍታና ወደፊት ሳብ። ሰርቮው እስኪወጣ የሚበቃ ቦታ ቱቦዎቹ ሳይታጠፉ ከተገኘ ዘይቱን መክፈት አያስፈልግህም፣ ትልቅ ዕድል ነው። ካልተገኘ የብረት ቱቦዎቹን በጉልበት አታጥፍ፣ ፍታቸው። ዳዶዎቻቸው ለስላሳ ስለሆኑ በተራ ቁልፍ ይላጣሉ። ለቱቦው መግቢያ የሚሆን ክፍተት ያለው ቀለበት ቁልፍ ተጠቀም፤ ብዙ ጊዜ 10 ቁጥር ነው።

ማስተር ሲሊንደሩ ሲላቀቅ ኋላውን በጣትህ ዳስ። ይህን ሳታይ እንዳታልፍ። እርጥብ ከሆነ ሰርቮህን የገደለው ተገኘ ማለት ነው፤ በኋላኛው ጎሚኒ የሾለከ ዘይት ሰርቮው ውስጥ እየተጠራቀመ ዲያፍራሙን በልቶታል። ሰርቮውን ብቻ ቀይረህ አሮጌውን ማስተር ሲሊንደር ከመለስክበት አዲሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል። ወይ ጎሚኒውን በሙሉ ቀይር፣ ወይ ሲሊንደሩ ውስጡ ከተበላ ሙሉውን ቀይር። የዘይት ዕቃው በየጊዜው እየቀነሰ መሬት ላይ ግን ጠብታ አይተህ ካላወቅህ የጎደለው ዘይት እዚያው ሰርቮው ውስጥ ነው።

ከመኪናው ውስጥ፣ ፔዳሉ ላይ፣ ዘንጉን የያዘችውን ፒን ከመቆለፊያዋ አላቅቅ። ከዚያ ከፔዳሉ ዙሪያ ያሉትን አራት ዳዶዎች በማስረዘሚያና በቡሶላ ፍታ። ሰርቮው ወደ ሞተሩ በኩል ይወጣል። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አስቀምጥ፤ የቡሎኖቹን አቀማመጥ፣ የሰርቮውን ውፍረት፣ የፔዳሉን ዘንግ ርዝመት፣ የቫኪዩም መግቢያውን አቅጣጫ አመሳክር። የፔዳሉን ዘንግ በአሮጌው ልክ አስተካክል። ከግድግዳው ጋር ያለውን ጓርኒሲዮን አትርሳ፣ ያለ እሱ ውኃና ጭስ ወደ ውስጥ ይገባል።

አሁን ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ ያልኩህ ቦታ ደርሰናል። ከሰርቮው ፊት የምትወጣው አጭር ዘንግ የማስተር ሲሊንደሩን ፒስተን ትገፋለች። እግርህ ከፔዳሉ ሲነሳ በሁለቱ መካከል ከ1 ሚሊሜትር ያነሰች ክፍተት መቅረት አለባት፤ ትክክለኛውን ቁጥር ከመኪናህ የጥገና መመሪያ ውሰድ። ዘንጓ ከረዘመች ፒስተኑ ወደ ማረፊያው ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ያኔ ዘይቱ ወደ ዕቃው የሚመለስበት ቀጭን ቀዳዳ ተሸፍኖ ይቀራል። መኪናው ሲሄድ ፍሬኑ ይሞቃል፣ የሞቀው ዘይት ይሰፋል፣ መመለሻ ሲያጣ ሸራዎቹን ይገፋል፣ እነሱ ደግሞ ይበልጥ ይሞቃሉ። ከቤት ስትወጣ ደህና የነበረ ፍሬን መንገድ ላይ ራሱን ይይዛል፤ እግርህ ፔዳሉን ሳይነካው። ዘንጓ ካጠረች ደግሞ ፔዳሉ መያዝ የሚጀምረው ዝቅ ብሎ ነው።

ለመለካት የልጆች ፕላስቲሲን ይበቃል። ከፒስተኑ ጉድጓድ ውስጥ ትንሽ ለጥፍ፣ ማስተር ሲሊንደሩን ከነጓርኒሲዮኑ በቦታው አስቀምጠህ በእጅ አጥብቅ፣ ፔዳሉን ሳትነካ መልሰህ አውጣ። የፕላስቲሲኑ የተጫነ ውፍረት ክፍተቱ ነው፤ በመለኪያ ካሊፐር ለካው። ብዙዎቹ ዘንጎች ጫፋቸው ላይ የሚስተካከል ቡሎን አላቸው፤ ዘንጉን በፒንሳ ይዘህ ጫፉን አዙር፣ ደግመህ ለካ። ስትጨርስ ፕላስቲሲኑን አንድም ሳታስቀር ጥረግ። አዲስ ሰርቮ «ከፋብሪካ ተስተካክሎ ነው የሚመጣው» የሚልህ ይኖራል፤ እሱም ቢሆን ይለካ።

ዘይቱን ከከፈትክ አየር ማውጣት ግድ ነው። ከማስተር ሲሊንደሩ በጣም ከሚርቀው ጎማ ጀምር፤ መሪው በግራ ከሆነ የኋላ ቀኙ ነው። የዘይት ዕቃው ክዳን ላይ የተጻፈውን ዶት 3 ወይም ዶት 4 ተጠቀም፣ ካልተከፈተ ዕቃ ብቻ። የወጣውን አሮጌ ዘይት መልሰህ አትጨምር። አየሩን ስታወጣ ፔዳሉን የሚረግጥልህ ረዳት እስከ ወለሉ አይርገጠው፤ ከፔዳሉ ሥር ቁራጭ እንጨት አድርግበት። በአሮጌ ማስተር ሲሊንደር ጎሚኒው ሄዶ የማያውቅበት የዛገ ክፍል ላይ ሲደርስ ይቀደዳል።

ከመውጣትህ በፊት የመጀመሪያዎቹን ፈተናዎች ድገማቸው። የፍሬን መብራቱ እግርህ ሲነሳ መጥፋቱን እይ። መኪናዋን በክሪክ አንስተህ፣ በድጋፍ አስደግፈህ፣ ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን ደጋግመህ ረግጠህ ከለቀቅህ በኋላ ሞተሩን አጥፋና ጎማዎቹን በእጅ አሽከርክር። ነፃ ሆነው መዞር አለባቸው። ከዚያ ጭር ባለ ሜዳማ መንገድ ላይ ቀስ ብለህ ነድተህ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ያህል ቆይተህ ተመለስና እጅህን ወደ ጎማዎቹ መሃል አስጠጋ፣ ብረቱን ሳትነካ። አራቱም የጋሉ ከሆኑ ወይም ጎማው አልዞር ካለ፣ ሞተሩን አጥፍተህና በታኮ አስደግፈህ የማስተር ሲሊንደሩን ሁለት ዳዶዎች ትንሽ አላላቸውና ሲሊንደሩን ወደፊት ሳብ። ያኔ ጎማው ከተለቀቀ ዘንጓ ረዝማለች፤ አውጥተህ ክፍተቱን እንደገና ለካ። በዚያም ካልተለቀቀ ችግሩ ከሰርቮው አልፎ ቱቦዎቹና የፍሬን ካሊፐሮቹ (ጎማው ላይ ሸራውን የሚጫኑት) ዘንድ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ማስተር ሲሊንደሩና ሰርቮው የሚገናኙበትን ሥፍራ ከሥሩ በንጹሕ ጨርቅ ጥረገው። ጨርቁ ደረቅ ሆኖ ከወጣ በመኪናዋ ወዳሻህ ሂድ፣ ቁልቁለት ላይ ግን ማርሽ አውጥተህ ሞተር አጥፍተህ እንዳትወርድ። ሞተሩ ከጠፋ ሰርቮው ውስጥ የሚቀርህ እገዛ ለሁለት ሦስት መርገጫ ብቻ ነው።