ጠላ ብቅል ይሻል፣ ጠጅ ግን አይሻም

እኅቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። «ግሉኮስና ፍሩክቶስ በቀመር አንድ ከሆኑ ለምን ሁለት ስም ተሰጣቸው? ሁለቱ ሲጋጠሙስ ሃይድሮጅኑ 24 መሆን ሲገባው መጽሐፉ ለምን 22 ይላል? ጤፉም ጭዱም ከግሉኮስ ከተሠሩ ጭዱን ለምን አንበላውም?» ነው ያልሽው። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ አብዛኛው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ስሞቹን ሸምድዶ ያልፋል እንጂ እንዲህ አይጠይቅም።

ቀላሉን ላስቀድም። ሁለት ቀላል ስኳሮች የሚያያዙት አንዲት የውኃ ሞለኪውል ጥለው ነው። ሁለት ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን ስለሚወጣ 24ቱ ሃይድሮጅን 22፣ 12ቱ ኦክስጅን ደግሞ 11 ይሆናል። ሲለያዩ ያችኑ ውኃ መልሰው ይወስዳሉ።

ወደ ስሙ ስንመጣ፣ እስቲ እነዚህን ተመልከቺ፦ በሰለ፣ ለበሰ፣ ሰለበ። ሦስቱም የተጻፉት በእነዚያው ሦስት ፊደላት ነው፤ የለበሰን ሰው ግን በስሏል አትዪውም። ግሉኮስና ፍሩክቶስም እያንዳንዳቸው 6 ካርቦን፣ 12 ሃይድሮጅንና 6 ኦክስጅን አላቸው። ሰንሰለታቸው ተዘርግቶ ሲታይ ግን በድርብ ትስስር የተያዘው ኦክስጅን በግሉኮስ 1ኛው ካርቦን ላይ፣ በፍሩክቶስ 2ኛው ላይ ነው። በዚህች የቦታ ለውጥ ምክንያት ፍሩክቶስ ምላስ ላይ ከግሉኮስ ይልቅ እጅግ ይጣፍጣል።

የዚያች ቦታ ነገር እኔን በተማሪ ፊት አሳፍራኛለች። ገና ጀማሪ መምህር ሳለሁ ስኳርን ቤኔዲክት በሚባለው፣ መዳብ ባለበት ሰማያዊ ፈሳሽ ላሳይ ብዬ ከሱቅ ስኳር ገዝቼ ገባሁ። የጋዝ ምድጃ አልነበረንም፤ በከሰል ላይ ድስት ጥደን የመሞከሪያ ብልቃጦቹን በፈላው ውኃ ውስጥ አቆምናቸው። «አሁን ሰማያዊው ወደ ጡብ ቀይ ይለወጣል» ብዬ ጠበቅሁ። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ፤ ሰማያዊው ሰማያዊ ነው። ከኋላ አንዱ «መምህር፣ ስኳሩ ተጭበርብሮ ይሆን?» አለ። እኔ ደግሞ በልቤ ፈሳሹ አርጅቷል ብዬ ዕቃ ግምጃ ቤቱን ረገምሁ። ከዚያ የግቢው ጥበቃ ለሳል ብለው የያዙትን ማር ለመንናቸውና ጥቂት በውኃ በጥብጠን ያንኑ ፈሳሽ ጨመርንበት። ብዙም ሳይቆይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካንማ፣ በመጨረሻም ቀይ ሆኖ ታች ዘቀጠ።

ፈሳሹም ስኳሩም ደህና ነበሩ፤ ያላወቅሁት እኔ ነኝ። የሱቅ ስኳር ሱክሮስ ነው። በሱክሮስ የግሉኮሱ 1ኛ ካርቦንና የፍሩክቶሱ 2ኛ ካርቦን እርስ በርስ ተቆላልፈዋል፤ ከመዳቡ ጋር የሚሠራ ነጻ ጫፍ አልተረፈም። ማር ውስጥ ግን ንቧ በራሷ ኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካዊ ለውጥን በሚያፋጥን ፕሮቲን፣ ቁልፉን ቀድማ ፈትታዋለች። ማር በአማካይ ከመቶ 38 ያህሉ ፍሩክቶስ፣ 31 ያህሉ ግሉኮስ ነው። በብርድ የሚረጋውም ግሉኮሱ ውኃ ውስጥ እንደ ፍሩክቶሱ በቀላሉ ስለማይሟሟ ነው። ገበያ ላይ «ረግቷልና ስኳር ተቀላቅሎበታል» እያሉ ደህናውን ማር የሚያራክሱ ሰዎች ያናድዱኛል።

ከዚያ ወዲያ ትምህርቱን ከቤተ ሙከራ ወደ ጓዳ አዛወርሁት። ጠጅ የሚጥል ሰው ማሩን በውኃ በጥብጦ ጌሾ ይጨምራል፤ ብቅል አይጠይቅም፤ ቀላሉ ስኳር እዚያው ተዘጋጅቶለታልና። እርሾው አንዷን ግሉኮስ በልቶ ሁለት የአልኮልና ሁለት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል ያወጣል። ጠላ ግን ከእህል ነው፤ እህል ደግሞ ስታርች፣ ማለትም እልፍ ግሉኮሶች የተቀጣጠሉበት ረጅም ሰንሰለት ነው። እርሾው ይህን መቁረጥ አይችልም። ብቅሉ የሚፈለገው ለዚህ ነው። ገብሱ ተነክሮና በቅጠል ተሸፍኖ ሲበቅል ቡቃያውን ለመመገብ አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ያመነጫል፤ ይህ ኢንዛይም ስታርቹን እየቆረጠ ማልቶስ ያደርገዋል። ማልቶስ ማለት የብቅል ስኳር ማለት ነው። እናቴ ብቅል ስታሰጣ እየሰረቅን እንቅም ነበር፤ ጥሬው ገብስ የሌለው ጣፋጭነት አለው። ካላመንሽኝ ወፍራም ገንፎ አገንፊና ጣት እስኪችለው ሲበርድ አንድ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጨምረሽ አማስይው። ጥቂት ቆይቶ ማማሰያ ያቆም የነበረው ገንፎ እንደ አጥሚት ይቀጥናል።

አሁን ጭዱ። የጭዱ ዋና አካል የሆነው ሴሉሎስም ግሉኮስ ብቻ ነው፤ ግን እያንዳንዱ ግሉኮስ ከጎረቤቱ አንጻር ተገልብጦ ተያይዟል። ስታርች ሲጠማዘዝ ሴሉሎስ ቀጥ ብሎ ይዘረጋል፤ ሰንሰለቶቹም ጎን ለጎን ተጣብቀው ጠንካራ ክር ይሆናሉ። ጭድ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ የቤታችንን ግድግዳ የሚይዘው በዚህ ጥንካሬ ነው። የእኛ አሚሌዝ የተገለበጠውን ትስስር አይከፍትም። ላሚቱም ብትሆን በራሷ አትችለውም፤ ጨጓራዋ ውስጥ የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው የሚቆርጡላት።

ልዩነቱን በዓይንሽ ለማየት ከመድኃኒት ቤት አዮዲን ግዢ። ነጭ እንጀራ ላይ አንድ ጠብታ ጣይበት፤ ወዲያው ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። ጭዱ ላይ ሲንጠባጠብ ግን ቡናማው እንደ ቡናማ ይቀራል፤ ፍሬ ያልተራገፈለት ጭድ ከሆነ ብቻ እዚህም እዚያም ሰማያዊ ነጥብ ታያለሽና በደንብ አበጥሪው። ነጠላሽን ግን አርቂ፤ አዮዲን በቀላሉ አይለቅም።