ሰፊ ማዕዘን ሌንስ ላይ መከላከያ ፊልተር ይገጠም?

ጥያቄ፦ ለገጣፎ አካባቢ ሠርግና አዳዲስ ቤቶችን ፎቶ አነሣለሁ። 16 ሚሊ ሜትር ሌንሴ ላይ መከላከያ ፊልተር (ከሌንሱ ፊት የሚገጠም ጥርት ያለ መስታወት) ልግጠም ወይስ ይቅር?

መልስ፦ በበጋ ከኮረኮንቹ መንገድ የሚነሣው አቧራ ሌንስ ላይ ስለሚያርፍ፣ ከቤት ውጭ ሲሠሩ ቢገጥሙት እመርጣለሁ፤ አቧራውን በሸሚዝ ጫፍ ሲጠርጉ (የማይጠርግ ባለሙያ አላየሁም) የሚጫረው ፊልተሩ ይሆናል። ነገር ግን ይህ ሌንስ በሙሉ ፍሬም ካሜራ (የምስል መቀበያው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ያህል በሆነው) ከ100 ዲግሪ በላይ ስለሚያይ፣ የፊልተሩ ጠርዝ ወፍራም ከሆነ ወይም ሁለት ፊልተር ከተደራረበ የፎቶው አራቱም ጥጎች ይጠቁራሉ፤ ስለዚህ ጠርዙ ቀጭን የሆነውን ይግዙ። ማታ የአዳራሽ መብራት ፊት ለፊት ሲመጣብዎ ግን ያውልቁት፤ በፊልተሩና በሌንሱ መካከል የሚመላለሰው ብርሃን በሙሽሮቹ ላይ የመብራቱን ግልባጭ ነጠብጣብ አድርጎ ይጥላል። የሌንስዎ የፊት መስታወት ወደ ውጭ ያበጠ ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚጠመዘዝ ፊልተር አይቀበልም።