‹ሌሊት ይቆፈር ብለን እንስማማ ወይ?› ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የገባኝ እንዲህ ነው፦ በቤታችሁ ፊት የሚያልፈው ዋና የውሃ መስመር ሊቀየር ነው፤ ተቋራጩ ለ15 ሌሊት ከማታ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ለመሥራት ፈቃድ ጠይቋል፤ ፈቃድ ሰጪው ክፍልም የነዋሪውን አስተያየት እየሰበሰበ ነው። ቤትሽ ከሚቆፈረው ቦታ 15 ሜትር ያህል ይርቃል፣ የአምስት ወር ሕፃን አለሽ፣ ‹እንቃወም ወይስ እንስማማ?› ብለሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሁሉ ‹እንዳትፈርሚ› ነው ያሉሽ። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ሌላ ጥያቄ እንድትጠይቁ ነው የምፈልገው፦ በየትኛው ሰዓት ምን ይሠራል?

ለ11 ዓመት የመንገድ ቁፋሮ ፈቃድ የሚሰጥ ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። የቴሌፎን ኬብል፣ የመብራት መስመር፣ የፍሳሽ ቱቦ፣ ሁሉም በእኔ ጠረጴዛ ያልፍ ነበር። በሁለተኛው ዓመቴ አንድ ማመልከቻ ላይ ‹ከማታ 3 እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት መሥራት ተፈቅዷል› ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። አንድ መስመር፣ በቃ። ተቋራጩ ማታ 3 ሰዓት ላይ ደረሰ። ኮኑን ሲደረድር፣ መብራቱን ሲተክል፣ የዘገየ ገልባጭ ሲጠብቅ፣ አልነሳም ያለ ኮምፕሬሰር ሲታገል ጊዜው ሄደና ጃክሃመሩን (አስፋልት ሰባሪውን ማሽን) አስፋልት ላይ ሲያሳርፍ ሌሊት 7 ሰዓት ሆኗል። ከፈቃዱ አንዲት ቃል አልጣሰም። በማግስቱ አንድ ሽማግሌ ቢሮ መጡ። አልጮኹም፣ አልተሳደቡም። ፈቃዱን አሳየኝ አሉ፣ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፣ ‹ልጄ፣ ይህን ስትጽፍ ቀን ነበር አይደል?› ብለውኝ ወጡ። ፈቃድ መጻፍ የተማርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ሌሊት የሚመረጠው እናንተን ለማስጨነቅ አይደለም። አንዱ ምክንያት ትራፊክ ነው፤ ቀን መንገዱ ቢዘጋ የሚጉላላው ሰው ብዙ ነው። ሁለተኛው ውሃው ራሱ ነው። ሰው የሚጠቀመው ውሃ ከእኩለ ሌሊት በኋላ እስከ ንጋት ድረስ በጣም ይቀንሳል፤ ዋናው መስመር መዘጋት ካለበት በዚያ ሰዓት ቢዘጋ የሚጎዳው ሰው ጥቂት ነው። ግን ልብ በይ፣ ይህ ሁለተኛው ምክንያት የሚሠራው አዲሱ ቱቦ ከአሮጌው ጋር በሚገናኝባቸው ሌሊቶች ብቻ ነው። አዲሱ ከአሮጌው ጎን የሚቀበር ከሆነ፣ ቦዩ ተቆፍሮ፣ ቱቦው ገብቶ፣ በግፊት ተፈትሾ፣ ጀርም እንዲገድል ክሎሪን ተሞልቶ ብዙ ጊዜ 24 ሰዓት ያህል ቆይቶ እስኪታጠብ ድረስ አሮጌው መስመር ሥራውን እየሠራ ነው። ስለዚህ ‹ውሃ የሚዘጋው በየትኞቹ ሌሊቶች ነው?› ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ራሴ 20 ሌሊት የተጠየቀበትን ሥራ በዚህች ጥያቄ ብቻ ፈትሸነው የግድ ሌሊት መሆን ያለባቸው 4 ሆነው ተገኝተዋል። የቀሩት 16ቱ የትራፊክ ጉዳይ ነበሩ። የትራፊክ ጉዳይ ከሆነ ደግሞ ድርድር አለው፤ ግማሽ መንገድ መዝጋት አለ፣ የዕረፍት ቀን መሥራት አለ።

አሁን ቁጥር ላስቸግርሽ፤ ስብሰባው ላይ ይጠቅምሻል። ዴሲቤል፣ ማለትም የድምፅ መለኪያው፣ እንደ ኪሎ አይደመርም። እኩል የሚጮኹ ሁለት ማሽኖች ጎን ለጎን ቢነሱ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሯችን ‹እጥፍ ሆነ› የሚለው ወደ 10 ዴሲቤል ሲጨምር ነው። ክፍት ቦታ ላይ ከአንድ ማሽን ያለሽ ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ጃክሃመር በ15 ሜትር ርቀት ላይ ከ85 እስከ 90 ዴሲቤል ይጮኻል፤ 88 እንበል። የተዘጋ ደህና መስኮት 25 ያህል ይቀንስልሻል፤ መኝታ ቤትሽ ውስጥ 63 ቀረ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ ለመኝታ ቤት ያስቀመጠው፣ ለማያቋርጥ ድምፅ 30፣ ብቅ ብሎ ለሚጠፋ ድምፅ ደግሞ 45 ዴሲቤል ነው። አሁን ተቋራጩ ‹የድምፅ መከላከያ አጥር አቆማለሁ› ይልሻል። ያቁም፣ ጥሩ ነው። አጥሩ ማሽኑን ከመስኮትሽ እይታ ከጋረደ 5 ዴሲቤል ያህል፣ በደንብ ከተሠራና ክፍተት ከሌለው 10 ያህል ይቀንሳል። ከ63 ላይ 10 ብትቀንሺ 53 ነው። አሁንም ከ45 በላይ ነሽ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ጎረቤትሽ ደግሞ አጥሩን አሻግሮ ማሽኑን ስለሚያየው ምንም አያተርፍም።

ለዚህ ነው ስለ አጥርና ስለ ብርድ ልብስ (እንደ ብርድ ልብስ የሚንጠለጠል ድምፅ መጣጭ ሸራ አለ) ብዙ ሲወራ ትዕግሥቴ የሚያልቀው። ሰባሪውን ማሽን በእንቅልፍ ሰዓት የሚያስችል አጥር የለም። መፍትሔው ሰዓቱ ነው።

ሰዓቱን እንዴት እንደምንከፋፍል ልንገርሽ። አስፋልት የሚቆርጠው መጋዝ ከጃክሃመሩም ሊብስ ይችላል፣ ግን ሥራው ቶሎ ያልቃል፤ የዚያን ሌሊት ቦይ መስመር ቀን ላይ ቆርጦ መንገዱን መልሶ መክፈት ይቻላል። ‹በሙሉ ጥልቀት ይቆረጥ› የምትለዋን ቃል ፈቃዱ ላይ አስገቡ። አስፋልቱ እስከ ታች ከተቆረጠ ኤክስካቫተሩ (ቆፋሪው ማሽን) በባልዲው ጠርዝ እየፈለቀቀ ያነሳዋል፣ ጃክሃመር የሚያስፈልገው ለጥቂት ቦታ ብቻ ይሆናል። መስበር ካለ ከማታ 4 ሰዓት በፊት ያልቃል፤ ያላለቀው ለነገ ያድራል። ከዚያ በኋላ ቁፋሮ፣ ቱቦ ማውረድ፣ መገጣጠም ይቀጥላል፤ እነዚህ ዝም ያሉ ሥራዎች ባይሆኑም ሰው ይለምዳቸዋል። ቱቦ በመጋዝ መቁረጥ ካለ ቀን ግቢያቸው ውስጥ ለክተው ቆርጠው ይምጡ። አፈር መልሶ ሲሞላ አፈሩን የሚጠቀጥቀው ኮምፓክተር አለ፤ እሱ ንዝረቱ በመሬት በኩል ቤት ይገባል፣ አልጋ ላይ ሆነሽ ይሰማሻል። እሱም ለማለዳ ይቆይ፤ ቦዩ እስከዚያ በወፍራም ላሜራ ይሸፈን።

ላሜራውን ካነሳን አይቀር፣ ከዓመታት ልምዴ በጣም ያስገረመኝ ቅሬታ የሱ ነው። ሠራተኛው ጨርሶ ሄዷል፣ ማሽኑ ጠፍቷል፣ እና መኪና ባለፈ ቁጥር ‹ጓ!› ይላል። አንድ ጎረቤት ሦስት ሌሊት ሙሉ ስንት መኪና እንዳለፈ ቆጥሮ ጽፎ አመጣልኝ። ቁፋሮውንማ ታግሶት ነበር። ላሜራው ከአስፋልቱ ጋር እኩል እንዲሆን ጠርዙ ተፍቆ ይቀመጥ፣ ከሥሩ ጎማ ይነጠፍ፣ ዙሪያው በቀዝቃዛ አስፋልት ይታሰር። ቀላል ሥራ ነው፣ ግን ካልተጻፈ አይሠራም።

የኋላ ማርሽ ጢጢታም እንዲሁ ነው። ‹ያጥፉት› አትበሉ፤ የሰው ሕይወት የሚጠብቅ ነገር ስለሆነ አያጠፉትም፣ ማጥፋትም የለባቸውም። ይልቅ ገልባጩ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው እንዲወጣ መንገዱ ይዘጋጅ፤ ወደ ኋላ መሄድ ከሌለ ጢጢታውም የለም። ከጢጢታ ይልቅ ‹ሽሽሽ› የሚል ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያም አለ፤ ማሽኑ ኋላ ያለ ሰው ይሰማዋል፣ ራቅ ያለ ሰው ግን ያን ያህል አይረበሽበትም። ጀነሬተሩን በተመለከተ፣ ድምፁ የታፈነ ይሁን፣ የሚቆምበት ቦታም በካርታ ላይ ምልክት ይደረግበት። ፎርማን ጀነሬተር የሚያቆመው ገመዱ በሚደርስበት ነው፣ ገመዱ ደግሞ ሁልጊዜ የሚያጥረው የሰው መስኮት ሥር ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። ተቋራጩ የድምፅ ጥናት ይዞ ይመጣና ‹የሌሊቱ አማካይ 73 ዴሲቤል ነው› ይላል። 88 የሚጮኽ ማሽን ከ8 ሰዓት ውስጥ 15 ደቂቃ ብቻ ቢነሳ አማካዩ በትክክል ወደ 73 ይወርዳል። አልዋሸም። ግን ልጅሽ የምትነቃው በአማካዩ አይደለም፤ በዚያች 15 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ከአማካዩ ሌላ ከፍተኛው ድምፅም ገደብ ይኑረው፤ አማካዩም በየ15 ደቂቃው ይለካ። በናንተ በኩል ደግሞ አንድ ስሕተት እንዳትሠሩ፦ ‹የዓለም ጤና ድርጅት ሌሊት ከ40 ዴሲቤል አይለፍ ብሏል› የሚል ሰው አይጠፋም። ያ እ.ኤ.አ. በ2009 ለአውሮፓ የወጣው ቁጥር ሲሆን ከቤት ውጭ የሚለካ የዓመት ሙሉ ሌሊቶች አማካይ ነው። ለ15 ሌሊት ሥራ ይዛችሁት ከቀረባችሁ ተቋራጩ ያዋርዳችኋል። የ1999ኙን የመኝታ ቤት ቁጥር ያዙ።

ይህን ሁሉ መጠየቅ ቅንጦት እንዳይመስልሽ። ለምሳሌ ብሪታንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው የብክለት ቁጥጥር ሕግ መሠረት ተቋራጭ አስቀድሞ ስምምነት ሲጠይቅ ሥራውንና አሠራሩን፣ ድምፁን ለመቀነስ የሚወስደውንም እርምጃ አብሮ ማቅረብ አለበት፤ አስተዳደሩም በ28 ቀን ውስጥ ይወስናል። የናንተ አካባቢ ደንብ እንዲህ ባይልም እንኳ ፈቃድ ሰጪው ቅድመ ሁኔታ መጻፍ የሚችል ከሆነ ይህንንም መጻፍ ይችላል። አብዛኛው ጊዜ የማይጽፈው የሚጠይቀው ስለሌለ ነው። እኔም አልጻፍኩም ነበርና።

ዋጋ እንደሚያስከፍላችሁ ግን አልደብቅሽም። መስበሩ ከ4 ሰዓት በፊት ይለቅ ካላችሁ 15ቱ ሌሊት 18 ወይም 20 ሊሆን ይችላል። ጎረቤቶችሽ እዚህ ላይ ለሁለት ይከፈላሉ፦ ‹ቶሎ ጨርሰው ይገላግሉን› የሚሉና ‹ይርዘም ግን እንተኛ› የሚሉ። እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ፤ ሕፃን ያለበት ቤት ደግሞ ምርጫ ያለው አይመስለኝም። ሥራውን ወደ ቀን ስትገፉ የሌሊት ተረኛ ሆነው ቀን የሚተኙ ሰዎችን አትርሱ፤ ከመጻፋችሁ በፊት በር አንኳኩታችሁ ጠይቋቸው። የመገናኛው ሌሊት፣ ማለትም ውሃው የሚዘጋበት፣ ማምለጫ የለውም፤ ለሱ ሌላ ማደሪያ በተቋራጩ ወጪ መጠየቅ ነውር አይደለም። የማያገኘው ያልጠየቀው ነው።

የስልክ ቁጥሩን ነገር ደግሞ። ማስታወቂያው ላይ ‹ለቅሬታ በዚህ ይደውሉ› የሚል ይኖራል። ከመጀመሪያው ሌሊት በፊት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ደውዪበት። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ፋይሉ ላይ ባለው ቁጥር ብደውል የተቆለፈ ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ሲጮህ ነበር። የሚያነሳው ሰው ማሽን የማስቆም ሥልጣን ያለው፣ ቦታው ላይ የሚገኝ ይሁን።

ቱቦ ከፈነዳ ይህ ሁሉ አይሠራም፤ ድንገተኛ ጥገና ፈቃድ አይጠብቅም፣ መጠበቅም አይገባውም። ነገር ግን ድንገተኛነቱ ውሃው ሲቆም ያበቃል። ከሁለት ቀን በኋላ ሌሊት አስፋልት ሲያለብሱ ‹ድንገተኛ ነው› ካሉሽ አትቀበዪ።

ፊርማ ማሰባሰቡን አልቃወምም። ‹አንፈልግም› ከሚል 60 ፊርማ ግን የሰዓት ሰንጠረዥ የሚጠይቅ 10 ፊርማ ይበልጥብኛል፤ የመጀመሪያውን ፋይል ውስጥ አስገባዋለሁ፣ ለሁለተኛው ግን መልስ መጻፍ ነበረብኝ። አንድ ነገር ጨምሩበት፦ ፈቃዱ ለመጀመሪያዎቹ 3 ሌሊቶች ብቻ ይሰጥ፣ የቀረው ታይቶ ይታደስ። እኔ በኋለኞቹ ዓመታት እንዲህ ነበር የማደርገው፤ አራተኛውን ከመፈረሜ በፊት ሌሊት ሄጄ የሰው መስኮት ሥር ቆሜ እሰማ ነበር፣ ተቋራጩም እንደምመጣ ስለሚያውቅ ሦስቱን ሌሊት በጣም ጨዋ ነበር። ‹ይህን አናደርግም› ካሉሽ የሰጡሽን ምክንያት ጻፊልኝ፤ ሰበቡን ሁሉ እኔም ስሰጠው ስለኖርኩ መልስ አላጣለትም።