ስድስት ራስ በቆሎ ለዘር አይበቃም

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከደቡብ አቸፈር ነው። የዘራሁት የአገር በቆሎ አንዳንዱ እንደ ወረቀት ነጭ ሆኖ በቀለ። ካቻምና ጀምሮ ደግሞ አንዱ ረጅም፣ አንዱ ድንክ ነው፤ ራስ የማይዝም አለ። ዩሪያ ጨመርሁ፣ ለውጥ የለም። ዘሩ ጥሩ ነው፤ በየዓመቱ ስድስት ሰባት ትልልቅ ራስ መርጬ ከምድጃው በላይ እሰቅላለሁ። መሬቱን ምን ነካው?

መልስ፦ መሬትዎ ደኅና ሳይሆን አይቀርም። ችግሩ ከምድጃው በላይ የሰቀሉት ዘር ይመስለኛል።

ነጩን ቡቃያ ጎንበስ ብለው ይዩት። አረንጓዴ የሚባል የለውም፤ እዚያው ጉድጓድ አብሮት የበቀለው ግን ለምለም ነው። ዩሪያ ያነሰው በቆሎ እንዲህ አይሆንም፤ ከታችኛው ቅጠል ጫፍ ጀምሮ መሐል መሐሉን ቢጫ እያለ ይሄዳል። ነጩ ቡቃያ ከፀሐይ ምግብ የሚሠራበት አረንጓዴ ቀለም ስለሌለው፣ ፍሬው ውስጥ ባለው ስንቅ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ይሞታል። ዩሪያ አያድነውም።

ይህ የዘረመል ለውጥ ነው፤ ዘረመል ማለት ከወላጅ ወደ ልጅ ባሕርይ የሚያወርሰው ነው። እንዲህ ያለ ጉድለት በብዙ በቆሎ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ ከአንዱ ወላጅ የመጣው ጤነኛ ዘረመል የሌላውን ጉድለት ይሸፍነዋልና። ሁለቱም ወላጆች አንድ ዓይነት ጉድለት ከያዙ ግን ከአራት ቡቃያ አንዱ ያህል ነጭ ይወጣል። በቆሎ ከዚህ የሚያመልጠው ብናኙን በነፋስ እየላከ ከማይዛመደው ጋር በመዳቀል ነው። ዘሩ በየዓመቱ ከስድስት ራስ ሲወጣ ማሳው ሁሉ እኅትና ወንድም ይሆናል። ድንክነቱም፣ ራስ አለመያዙም ከዚሁ ነው።

የዘረመል ለውጥ ሁሉ ክፉ አይደለም። ቅጠል ላይ አመድ የሚነሰንሰውን በሽታ የሚመክት ለውጥ በአገራችን ገብስ ውስጥ ተገኝቶ፣ ዛሬ ብዙ የአውሮፓ ገብስ ከበሽታው የሚጠበቀው በዚሁ ለውጥ ነው።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። የራስዎ ዘር ስለጠበበ ከእሱ ብቻ ብዙ ቢመርጡም አይሰፋም። ዘራቸው ከእርስዎ ያልመጣ አራት ጎረቤቶች ይፈልጉ። በነሐሴ፣ በቆሎው ጸጉር ሲያወጣ፣ አምስታችሁም በየማሳችሁ ከ40 የማያንስ ጤነኛ አገዳ ላይ ክር እሰሩ። ከዳር አምስት እርምጃ ወደ ውስጥ ግቡ። ዙሪያውን ሌላ አገዳ የከበበውን ምረጡ፤ ክፍት ቦታ ላይ ወይም ፍግ አጠገብ ያለው የሚገዝፈው ቦታው ስለተመቸው እንጂ ዘሩ ስለበለጠ ላይሆን ይችላል። ከጎተራ ትልቁን ራስ መምረጥ የሚያሳስተው ለዚህ ነው፤ እባካችሁ ይህን ልማድ ተዉት፤ አገዳው ቆሞ ሳለ ምረጡ። ሲደርስ 200 ራስ ይሰበሰባል። ከእያንዳንዱ ራስ ከመሐሉ 100 ፍሬ ፈልፍላችሁ ደባልቁ፤ ስድስት ሰባት ኪሎ ይሆናል፣ ለአንድ ጥማድ ይበቃል። ለአምስት ጥማድ ከሆነ የምታስሩትን አገዳ አብዙ። የትኛውም ራስ ከሌላው በልጦ አይግባ።

የዘሩት የአገር በቆሎ ሳይሆን ተገዝቶ የሚዘራ ዲቃላ ከሆነ፣ ለምሳሌ ቢኤች 661 የሚባለው፣ ይህ አይሠራም፤ ዘሩ በየዓመቱ ይገዛል።

ለዘንድሮው ነጩን ይተዉት፣ ራሱ ይከስማል። ክፍተቱ ላይ እንደገና በቆሎ አይዝሩ፣ ጥላ ይውጠዋል፤ ቦሎቄ ጣል ያድርጉበት።

ምድጃው ላይ መስቀሉን ግን አይተዉት። ጭሱ ነቀዝ ይከላከላል፤ ወላፈኑ እንዳይደርስበት ብቻ ከፍ ያድርጉት፤ ሙቀት የፍሬውን እምብርት ከገደለ አይበቅልም።