ሕመሜን ጓደኞቼ ያውቁታል፤ ስሙን ግን እስካሁን የነገረኝ የለም

ጥያቄ፦

የተከበሩ ዶክተር፣

የ31 ዓመት ሴት ስሆን አዲስ አበባ ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት እተዳደራለሁ። ሕመሜ ከጀመረኝ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖኛል። መጀመሪያ ጠዋት ስነሣ የጣቶቼና የእጅ አንጓዎቼ መገጣጠሚያዎች አብጠው ይገተሩና የቡና ሲኒ ለመያዝ እንኳ አንድ ሰዓት ያህል መጠበቅ ነበረብኝ። ቀጥሎ እንቅልፍ የማይሽረው ድካም መጣ፤ ከዚያም ጸጉሬ ሳበጥረው እፍኝ እፍኝ ይነቀል ጀመር። ፀሐይ ላይ የዋልኩ ቀን ጉንጮቼና አፍንጫዬ ላይ ሽፍታ ይወጣል፣ ማታ ያተኩሰኛል፣ አፌም ውስጡ ይቆስላል። እናቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ታሽልኛለች፤ የፊቴ ደግሞ ማድያት ነው ተብሎ ቅባት ታዞልኛል።

እስካሁን ሰባት ክሊኒክና ሁለት ሆስፒታል ሄጃለሁ። አራት ጊዜ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብዬ መርፌና ኪኒን ወሰድኩ፤ ጥቂት ቀን ይሻለኝና ተመልሶ ይመጣል። አንዱ ጋ ጨጓራ፣ ሌላው ጋ ደም ማነስ፣ በመጨረሻም «ምንም የለብሽም፤ ጭንቀት ነው» ተባልኩ።

ባለቤቴ በጅቡቲ መስመር የሚሠራ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ በወር ውስጥ ቤት የሚያድረው ጥቂት ቀን ነው። ሸክሜን የተሸከሙት ሦስት ጓደኞቼ ናቸው። ሁለት ጊዜ የዕቁብ ተራቸውን ለእኔ ለቀውልኛል፤ ከሥራ እያስፈቀዱ ወረፋ ይይዙልኛል። አሁን ግን ሐሳባቸው ተለያየ። አንዷ ገንዘብ አሰባስበን ውጭ አገር ትታከሚ ትላለች፤ ሁለተኛዋ መድኃኒቱን ሁሉ ትተሽ ጸበል እንግባ ትላለች፤ ሦስተኛዋ ወደ ሌላ ሐኪም ከመሄዳችን በፊት እስካሁን የተደረገውን ሁሉ አንድ ላይ እናሰባስበው ባይ ናት። እኔም እነሱን ማድከሜ ከሕመሙ በላይ ስለከበደኝ «ዛሬ ደኅና ነኝ» እያልኩ መዋሸት ጀምሬያለሁ። ለሐኪም ያልነገርኩት አንድ ነገርም አለ፤ ከዓመት በፊት የአራት ወር ፅንስ ወርዶብኛል። የጠየቀኝ ስላልነበረ አላነሣሁትም። ምን ይመክሩኛል?

ሰ. ከአዲስ አበባ

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣

ከሦስቱ ጓደኞችዎ መካከል ሦስተኛዋ ያለችውን እንድትከተሉ እመክራለሁ። እስካሁን ያዩዎት ባለሙያዎች እያንዳንዳቸው የሕመምዎን ቁራጭ ነው ያዩት፤ አንዱ ቁርጥማቱን፣ ሌላው ፊትዎን፣ ሌላው ትኩሳቱን። ፅንሱን ደግሞ ማንም አልሰማም። ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ ሁሉንም ያዩት ጓደኞችዎ ብቻ ስለሆኑ፣ ለሚቀጥለው ሐኪም ከአንድ ተጨማሪ የላብራቶሪ ወረቀት ይልቅ የእነሱ ምስክርነት ይጠቅመው ይሆናል።

በደብዳቤ ሕመም አይለይም፤ ስለዚህ ይህ ይዞዎታል ብዬ ልወስን አልችልም። ነገር ግን በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት የጠዋት መገተርን፣ በፀሐይ የሚቀሰቀስ የጉንጭና የአፍንጫ ሽፍታን፣ የአፍ ቁስልን፣ የጸጉር መነቀልን፣ ትኩሳትንና የፅንስ መውረድን በአንድነት ስትናገር፣ ሐኪም ቀድሞ ሊያስባቸው ከሚገቡ ሕመሞች አንዱ ሉፐስ ነው። ሉፐስ የሰውነት መከላከያ ጀርምን መዋጋት ሲገባው በገዛ አካሉ ላይ ሲነሣ የሚከሰት ሕመም ሲሆን ከ10 ታማሚዎች 9ኙ ያህል ሴቶች ናቸው። አይተላለፍም፤ ካንሰርም አይደለም። አንድ ጊዜ ቆዳን፣ ሌላ ጊዜ መገጣጠሚያን፣ ሌላ ጊዜ ኩላሊትን እያጠቃ ስለሚመጣና ስለሚሄድ፣ ስሙ ሳይታወቅ ዓመታት ማለፋቸው በሌሎች አገሮችም የተለመደ ነው። እናትዎ ምች ማለታቸው አያስወቅሳቸውም፤ ፀሐይ፣ ትኩሳትና የአፍ ቁስል አብረው እንደሚመጡ በትክክል አስተውለዋል።

ስለ ታይፎይዱ ትንሽ ላብራራ፤ ይህ የእርስዎ ብቻ ታሪክ ስላልሆነ ነው። በየክሊኒኩ «የታይፎይድ ምርመራ» ተብሎ የሚሠራው በአብዛኛው የዊዳል ምርመራ ሲሆን፣ በፈረንሳዊው ሐኪም ጆርጅ ፈርናንድ ዊዳል ስም የሚጠራና ከ1896 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቅ ነው። ምርመራው ጀርሙን ራሱን አያገኝም፤ የሚለካው ሰውነት በጀርሙ ላይ ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህ ደግሞ ከዓመታት በፊት ከታመሙት ታይፎይድ የቀረ ሊሆን ይችላል፤ ወባን የመሰለ ሌላ ሕመምም፣ ሉፐስን የመሰለ የመከላከያ መታወክም ውጤቱን በሐሰት ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። የታይፈሱም ምርመራ ተመሳሳይ ድክመት አለው። ታይፎይድን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚያረጋግጠው ጀርሙን ከደም ውስጥ አሳድጎ የሚያሳየው የደም ካልቸር ነው። አራት ጊዜ ታክመው አራት ጊዜ ከተመለሰብዎት፣ አምስተኛ ዙር መርፌ ከመውሰድዎ በፊት «ይህ ታይፎይድ መሆኑ በምን ታወቀ?» ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው። ጥቂት ቀን የሚሻልዎት ለምን እንደሆነም ይጣራ። ከአንቲባዮቲኩ ጋር ዴክሳሜታዞን ወይም ሌላ ስቴሮይድ (የሰውነትን መቆጣት የሚያበርድ መድኃኒት) ተሰጥቶዎት ከሆነ፣ እብጠቱንና ትኩሳቱን ለጊዜው ያስታገሠው እሱ ሊሆን ይችላል።

«ጭንቀት ነው» መባልዎ አሳዝኖኛል። እንዲህ የተንገላታ ሰው መጨነቁ አይቀርም፤ ጭንቀት ግን የጣት መገጣጠሚያ አያሳብጥም።

አሁን የሚሻለው ወደ አንድ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ቀርቦ በእሱ ክትትል መቆየት ነው። እሱም ካስፈለገ የመገጣጠሚያና ሉፐስን የመሰሉ ሕመሞችን ወደሚያክም ስፔሻሊስት፣ ማለትም ወደ ሩማቶሎጂስት ይልክዎታል። እነዚህ ባለሙያዎች በአገራችን ጥቂት በመሆናቸው በአብዛኛው የሚገኙት ጥቁር አንበሳን በመሳሰሉ የማስተማሪያ ሆስፒታሎችና በአንዳንድ የግል ተቋማት ነው። ከሙሉ የደም ቆጠራ፣ ከኩላሊት ምርመራና ከሽንት ምርመራ ጋር ኤኤንኤ የተባለው የደም ምርመራ ሊታዘዝልዎት ይችላል። ኤኤንኤ በሉፐስ ታማሚዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ፖዘቲቭ ይሆናል፤ ነገር ግን ጤነኛ ሰዎችም ላይ ስለሚገኝ ብቻውን ሕመሙን አያረጋግጥም። ሐኪሙ ሉፐስን ብቻ ሳይሆን የእንቅርት ዕጢ መታወክን፣ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ከሳንባ ውጭ የሚያመጣውን ቲቢ፣ ኤችአይቪን፣ የጉበት ቫይረሶችንና ያልተፈላ ወተት የሚያስተላልፈውን ብሩሴሎሲስንም ቢያጣራ አይከፋዎት። ሉፐስ የቂጥኝን የደም ምርመራ በሐሰት ፖዘቲቭ ሊያደርግ ስለሚችል፣ እንዲህ ያለ ውጤት ደርሶዎት በኀፍረት ደብቀውት ከሆነም ይንገሩት። ስለ ፅንሱ ደግሞ ሳይጠየቁ ይናገሩ፤ ደም የመርጋት ዝንባሌ የሚያመጣና ከሉፐስ ጋር የሚዛመድ፣ ፅንስንም የሚያስወርድ ሁኔታ ስላለ የራሱ ምርመራ ያስፈልገዋል። እስከዚያው ሌላ እርግዝና ሳይጀምሩ ቢቆዩ ይመረጣል።

ወደ ጓደኞችዎ ልመለስ። አንድ እሑድ ቡና አፍልታችሁ አራታችሁም ተቀመጡና ሕመሙ ከጀመረበት ወር አንሥታችሁ በቅደም ተከተል ጻፉት፤ አንዷ የረሳችውን ሌላዋ ታስታውሰዋለች። ከሁለት ገጽ ባይበልጥ መልካም ነው። የየክሊኒኩ ወረቀት በአንድ ፋይል ይግባ፤ የጠፋውን ውጤት ቅጂ ከየካርድ ክፍሉ ይጠይቁ። የመድኃኒቶቹ ባዶ ማሸጊያዎች ካሉ በላስቲክ ይያዙ። ሽፍታው በሐኪም ቀጠሮ ቀን ላይኖር ስለሚችል በወጣበት ቀን በስልክ ፎቶ ይነሣ። ወደ ምርመራ ክፍሉ አንዷ አብራዎት ትግባ፤ እርስዎ በድካም የዘለሉትን ታስታውስዎታለች፤ ሐኪሙ ያለውንም ትጽፋለች።

ለዚህም ነው «ደኅና ነኝ» ማለቱን እንዲተዉ የምለምንዎት። ያልነገሯቸው ቀን ከሕመምዎ ታሪክ ላይ የጎደለ ቀን ነው። ድካማቸው ካሳሰበዎት ተራ ያውጡላቸው፤ እንደ ዕቁቡ አንዱን ወር አንዷ፣ ቀጣዩን ሌላዋ ትያዝ።

ጸበል መግባትዎን አልቃወምም፤ ለብዙዎቻችን ብርታት የምናገኝበት ነው። መድኃኒት ማቋረጡን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። በተለይ ስቴሮይድ ለሳምንታት ሲወስድ የቆየ ሰው በድንገት ቢያቆም ለሕይወቱ አደገኛ ነው። መድኃኒቱን እንዳያስተጓጉልብዎት ጾሙንም በተመለከተ ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ። ለውጭ አገር ሕክምና ገንዘብ ማሰባሰቡ ደግሞ ይቆይ፤ የጠቀስኳቸው ምርመራዎች አዲስ አበባ ውስጥ ይሠራሉ፤ ሉፐስ ሆኖ ቢገኝም የሕክምናው መሠረት ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባለ፣ ለወባ ሕክምና የተሠራና ለረጅም ዓመታት የታወቀ ኪኒን ነው። የዕቁቡ ገንዘብ ለክትትሉ ያስፈልግዎታል።

እስከ ቀጠሮው ድረስ ከፀሐይ በጃንጥላና በነጠላ ይከለሉ፤ ዳይክሎፌናክን የመሰሉ ማስታገሻዎች ኩላሊትንም ጨጓራንም ስለሚጎዱ ያለ ትእዛዝ አይውሰዱ። ፊትዎ ወይም እግርዎ ካበጠ፣ ሽንትዎ አረፋ ካበዛ፣ ደረትዎን ከወጋዎት ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ኩላሊት በሉፐስ ሲጎዳ ብዙ ጊዜ ሕመም አይሰማም፤ በሽንት ውስጥ የሚወጣውን ፕሮቲን የሚያሳየው ምርመራ ግን ቀላልና ርካሽ ስለሆነ፣ የስፔሻሊስቱን ወረፋ ሳይጠብቁ በዚህ ሳምንት በአቅራቢያዎ ባለው ጤና ጣቢያ ያሠሩትና ውጤቱን ከፋይሉ ፊት ያስቀምጡት።